የእብሬ ልጆች

ጦሳ ተራራ እንደ ዛሬው ሁሉ ቆሞ፣ እኛ ግን ጉልበታችን ሳይዝል፣ በዚያን ዘመን ደሴ ውስጥ አንድ ሰው ነበረ። ሀብት አልነበረውም። ማዕረግ አልነበረውም። ስሙ እብሬ ይባል ነበር። ዕድሜውን የጨረሰው በጠጅ ቤት በር ላይ ነው፤ ጠጅ ግን ቀምሶ አያውቅም።

ጠጋ በሉ ልጆች። ያ መስታወታም ፎቅ የቆመበት ቦታ ያኔ የወይዘሮ ደብሪቱ ቤት ነበር። ግድግዳው እስከ ወገብ አረንጓዴ ቀለም፣ ከወገብ በላይ ኖራ። አግዳሚዎቹ ከመቀመጥ ብዛት ለስልሰዋል። ጥግ ላይ አንድ የሸክላ ማጫወቻ ነበረ፤ መርፌው ስላረጀ ዘፋኙ ሁሉ ጉንፋን የያዘው ይመስል ነበር። እኔ ያኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ አፍሯችንን አበጥረን፣ እኔ የሰፋሁትን ቤልቦተም ሱሪ ለብሰን እንሄዳለን። አንድ ብርሌ ለሁለት ይዘን ማታውን ሙሉ እንስቃለን።

ዘመኑ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ጠዋት መንገድ ዳር ምን ይታይ እንደነበረ አልነግራችሁም። ከምሽቱ አራት ሰዓት ሲሆን ሰዓት እላፊ ነው። ከዚያ በኋላ ውጭ የተገኘ ይተኮስበታል። ስለዚህ አራት ሰዓት ሲሞላ እብሬ በሩን ይቀረቅራል፤ ውስጥ የቀረ እስከ ንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ውስጥ ነው። እኛም ሆን ብለን እንቀር ነበር። የሸክላውን ድምፅ ዝቅ አድርገን፣ ኮቴ እንዳይሰማ ጫማችንን አውልቀን በካልሲ እንጨፍራለን። እብሬ በርጩማውን በሩ ላይ ያስደግፋል፤ ጀርባውን ለእኛ፣ ጆሮውን ለመንገዱ ሰጥቶ ይቀመጣል።

እብሬ የመጣው በስድሳ ስድስቱ ረሃብ ነው። ከባቲ ማዶ፣ ከቆላ፣ ሚስቱን ቀብሮ፣ የልጁን የዘሀራን እጅ ይዞ ወጣ። ልጅቱ ስትደክም፣ ከዚህ ጋራ ማዶ እህል አለ ይላታል። ጋራውን ይሻገራሉ፤ እህል የለም። ከዚያኛው ማዶ አለ ይላታል። ይሻገራሉ፤ የለም። በሦስተኛው ጋራ ላይ ልጅቱ እሱን እንዳመነች ሞተች። እብሬ ደሴ ብቻውን ገባ። ወይዘሮ ደብሪቱ ደጃፋቸው ላይ ወድቆ አገኙትና አበሉት። ሲያገግም፣ ሳልሠራ አልበላም አላቸው። እንግዲያስ በሩን ጠብቅ አሉት።

ከዚያ ወዲህ ሐሰት ከእብሬ አፍ ወጥቶ አያውቅም። ሚስት ባሏን ፍለጋ መጥታ፣ እዚህ ነበረ ወይ ብትለው፣ ነበረ ይላታል። እስከ ስንት ሰዓት ብትለው፣ እስከዚህ ሰዓት ይላታል። ስንት ባል በእሱ ምክንያት ከቤቱ ተባሯል። ቢለምኑት፣ ቢቆጡት፣ እብሬ አይዋሽም። የመስጊዱ ሰዎች ደግሞ እስላም ሆኖ የጠጅ ቤት በረኛ ሆነ ብለው ያዝኑበት ነበር። ሼህ ሙሄ፣ የሰፈሩ ትልቅ ሰው፣ መንገድ ላይ ሲያገኙት ሰላምታውን አይመልሱለትም ነበር። አራት ዓመት ሙሉ እብሬ ሰላም አላቸው፤ አራት ዓመት ሙሉ ዝም አሉት።

አንድ የኅዳር ቅዳሜ ነው። በሩ ተዘግቷል። ውስጥ የነበርነው አሥራ አንድ ነን። ሸክላው ይዞራል፤ እኛ በካልሲ እንጨፍራለን። ከጓሮ፣ ጋኖቹ ካሉበት ክፍል፣ ከባድ ነገር ሲወድቅ ተሰማ። ሁላችንም ቆምን። እብሬ ኩራዙን ይዞ ሄደ። የማናውቀው ወጣት አጥር ዘሎ ወድቆ ኖሮ፣ ሱሪው ከጉልበቱ ተቀዶ፣ ደሙ ይወርዳል። እብሬ ማን ነህ አላለውም። ተከትለውሃል ወይ አለው። አዎ አለው። እብሬ ልጁን ከእኛ መሃል አስቀመጠና ወደ በሩ ተመለሰ። አንዱ ጓደኛችን መርፌውን ከሸክላው ላይ አነሳ።

በሩ ተመታ። እብሬ ከፈተ። አንድ ቀጭን መቶ አለቃ አራት ወታደር አስከትሎ ገባ። በእጁ ባትሪ ይዟል። የሸሸ ሰው ወደዚህ ሰፈር መግባቱን ተናገረ። ፊቱን ግን አላዩትም፤ በጨለማ ሩጫውን ብቻ ነው ያዩት።

«ስንት እንግዳ አለ?» አለው እብሬን።

«አሥራ አንድ።»

መቶ አለቃው ባትሪውን ፊታችን ላይ እያሳለፈ ቆጠረን። እኔ ላይ ሲደርስ ዓይኔን ጨፈንኩ። አሥራ ሁለት ሆንን። እንደገና ቆጠረ። አሥራ ሁለት። ባትሪውን የማናውቀው ልጅ ጉልበት ላይ አቆመ።

«ይኼ ምን ሆኖ ነው?»

«ወድቆ ነው» አለ እብሬ።

«አሥራ አንድ እንግዳ ብለኸኛል።»

«እሱ እንግዳ አይደለም» አለ እብሬ። «ልጄ ነው።»

ወይዘሮ ደብሪቱ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እብሬ ዋሸ። በሕይወቱ እንደዚያ ሲል ሰምተነው አናውቅም። መቶ አለቃው ሁለቱን እያፈራረቀ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። መታወቂያ የለውም ወይ አለ። የለውም አለ እብሬ፤ እውነቱን ነው። እንግዲያው ነገ ጠዋት በሁለት ሰዓት የታመነ ምስክር ይዘህ ከነልጅህ ቀበሌ ቅረብ፤ ምስክር ካጣህ ሁለታችሁንም ከዚያው እወስዳለሁ ብሎ ወጣ።

እብሬ በሩን ቀረቀረ። መቀርቀሪያው ሁለት ጊዜ ሳተበት። ከዚያ ዞሮ፣ ቃሌ ቀድሞኝ ወጣ፤ ሳይነጋ ልደርስበት ይገባል አለ። ከወይዘሮ ደብሪቱ ማር ጠየቀ።

ለጠጅ የሚጣለውን ማር በሣህን አመጡለት። የአገሩን ወግ እናንተም ሰምታችኋል፤ ከአብራክ ያልወጣን ልጅ ሰው የጡት ልጁ ሲያደርግ፣ በምስክር ፊት አውራ ጣቱን ማር ቀብቶ ያጠባዋል። እብሬ አውራ ጣቱን ማር ውስጥ ነከረ። ስምህ ማን ነው አለው። አስናቀ አለ ልጁ። ከዚያም አንገቱን ደፍቶ፣ እናት አለችኝ እኮ፣ እሷ እያለች እንዴት ይሆናል አለ።

«እናትህን አልቀማህም» አለው እብሬ። «አባት ልጨምርልህ ነው።»

ልጁ ጣቱን ጠባ። አሥራ አንዳችንም አየን። ማንም አልሳቀም። ጠጥተን የነበርን ሰዎች፣ በአንዳችንም ላይ ስካር አልቀረም። ያን ሌሊት ሸክላው እንደገና አልተከፈተም። አጥር ውጭ ኮቴ ባለፈ ቁጥር ትንፋሻችንን ውጠን፣ ተደጋግፈን አነጋን።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን እብሬ ልጁን ይዞ ወጣ። እኛ ማሩን ያየን ምስክሮች ነን፤ መከተል ነበረብን። ከአሥራ አንዳችን የተከተልነው ሦስት ነን። የቀሩትን አትፍረዱባቸው። እኔም የተከተልኩት ከኋላ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ ነው።

እብሬ በቀጥታ የሄደው ሼህ ሙሄ ዘንድ ነበር። ሼሁ ሶላት ጨርሰው ከመስጊድ ሲወጡ አገኛቸው። ሰላም አላቸው። ዝም አሉ። ልጁን አሳያቸውና የመጣበትን ነገር ነገራቸው።

«ልጅህ ነው?» አሉት።

«የጡት ልጄ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ከዓመታት በፊት ነው ቢላቸው ነገሩ ይቀልለት ነበር፤ እብሬ ግን አይዋሽም።

«ከዛሬ ሌሊት ጀምሮ» አላቸው።

ሼህ ሙሄ ዱላቸውን መሬት ላይ ተክለው ቆዩ። የልጁን ጉልበት አዩ። የእብሬን ጣት አዩ። ጫማቸውን አደረጉና መንገድ ጀመሩ፤ ወዴት እንደሆነ አልተናገሩም። እብሬ ተከተላቸው። ወደ ቤታቸው የሚያስገባው መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ አልታጠፉም፤ በቀጥታ ወደ ቀበሌው ሄዱ።

መቶ አለቃው ጠረጴዛ አጠገብ ቆሟል። የቀበሌው ሊቀመንበር ሼሁን ሲያይ ተነሣ። ይህን ልጅ ያውቁታል ወይ ብሎ ጠየቃቸው።

«እብሬን አውቀዋለሁ» አሉ ሼህ ሙሄ። «እብሬ ልጄ ነው ካለ፣ ልጁ ነው።»

አራት ዓመት ሰላምታ የነፈጉት ሰው ነው። ሊቀመንበሩ ማኅተሙን መታ። መታወቂያው ላይ አስናቀ እብሬ ተብሎ ተጻፈ። መቶ አለቃው የልጁን ፊት ዳግም አየና ሄደ። በሳምንቱ አስናቀ በዚያች ወረቀት ኬላ አልፎ፣ በጭነት መኪና በባቲ በኩል ወረደ። እብሬ ወደ በሩ ተመለሰ። እኛም ወደ ጭፈራችን። ያለፈ መስሎን ነበር።

አላለፈም። በጥር ወር የሚፈለጉ ሰዎች ፎቶግራፍ ከላይ መጣ። መቶ አለቃው ያንን ፊት አወቀው። መጥቶ እብሬን ከበርጩማው ላይ አስነሥቶ ወሰደው።

ልጁ የት ነው አሉት። አላውቅም አላለም። አልናገርም አለ። መቱት። የት ነው አሉት። አልናገርም አለ። በኋላ ሌላ መንገድ አበጁለት። አንተ ድሀ ሰው ነህ፤ አታለለኝ፣ ልጄ አይደለም በልና ፈርም፣ አሁኑኑ ትወጣለህ አሉት። ወረቀቱን አዘጋጅተው፣ የጣቱን ቀለም አቅርበው ጠበቁት። በየሳምንቱ ያቀርቡለታል። በየሳምንቱ፣ ልጄ ነው ይላል።

እስር ቤት ስንቅ የሚገባው በዘመድ እጅ ብቻ ነበር። እብሬ ደግሞ ዘመድ የለውም። ወይዘሮ ደብሪቱ ምግብ ቋጥረው ለእኔ ሰጡኝ። በሩ ላይ ዘበኛው ለታሳሪው ምኑ ነህ አለኝ። አጠገቡ መቶ አለቃው ቆሞ ነበር። ምኑም አይደለሁም፣ ልከውኝ ነው አልኩ። ስንቁን መለሰብኝ። ያን ቀን እብሬ ጾሙን አደረ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር፤ ዛሬ ለእናንተ ተናገርኩ።

በማግሥቱ ከመካከላችን አንዲት ዘነበች የምትባል ልጅ ስንቁን ተቀበለችኝ። አጭር ናት፤ ስትጨፍር ከሁላችንም በላይ ትስቅ ነበር። ያን ቀን ግን አልሳቀችም። እኔ ከመንገዱ ማዶ ቆሜ አየኋት። ምኑ ነሽ አላት ዘበኛው።

«ልጁ ነኝ» አለች።

ስንቁ ገባ። በሦስተኛው ቀን ሌላው ጓደኛችን ሄደ። ልጁ ነኝ አለ። ገባለት። በአራተኛው ቀን እኔ ሄድኩ። ልጁ ነኝ አልኩ። ዘበኛው ፊቴን አስታወሰ። አየኝ፣ አየኝና ሰሃኑን ተቀበለኝ። እንዲህ እያልን አሥራ አንዳችንም ተዳረስን፤ ያን ጠዋት ያልተከተሉትም መጡ። ክርስቲያኑም ልጁ ነኝ ይላል፤ እስላሙም ልጁ ነኝ ይላል። አንድ ቀን ሼህ ሙሄ ራሳቸው ስንቅ ይዘው መጡ። እሳቸው በዕድሜ ይበልጡታል፤ ልጁ ነኝ አይሉ ነገር። ወንድሙ ነኝ አሉ።

ዘበኛው በመጨረሻ ገርሞት እብሬን ስንት ልጅ ነው ያለህ ብሎ ጠየቀው። በኋላ ራሱ ነው ያወራን። እብሬ እንደ ልማዱ አሰበ፤ ሐሰት እንዳይሆንበት።

«ዛሬ ስንት መጡ?» አለው።

«ሁለት።»

«እንግዲያው ሁለቱም የእኔ ናቸው።»

ስምንት ወር እንዲህ ሆነ። መቶ አለቃው ወደ ሌላ አገር ተዛወረ፤ እሱን የተካው ሰው የእብሬን ፋይል ቢያገላብጥ የሚይዘው ነገር አጣና ለመስቀል ሰሞን ለቀቀው። ሲወጣ ከፊት ጥርሶቹ ሦስቱ የሉም። ግራ እግሩን ይጎትታል። ያን ማታ ወይዘሮ ደብሪቱ ቤት ገብቶ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። አንዳችን ሸክላ አስቀመጠ፤ ጫማችንን አወለቅን።

ከሦስት ዓመት በኋላ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ከጅቡቲ ደብዳቤ አመጣለት። እብሬ ፊደል አያውቅም፤ ያነበብኩለት እኔ ነኝ። «ለአባቴ ለእብሬ፣ ደኅና ነኝ፣ ሥራ ይዣለሁ፣ አስናቀ» ይላል፤ ሌላ የለውም። ድገምልኝ አለኝ፤ ደገምኩለት። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና በሩን ሊዘጋ ተነሣ። አራት ሰዓት ሞልቶ ነበር።

እብሬ የሞተው በአንድ የሐምሌ ዝናብ ነው። መቃብሩ ሲቆፈር ሼህ ሙሄ አርጅተው በሰው ተደግፈው ቆመዋል። ልጆቹ ይቅረቡና ያውርዱት አሉ። ከመካከላችን በሕይወት የቀረነው ሰባት ነበርን፤ ሰባታችንም ጭቃው ውስጥ ገባን። ወይዘሮ ደብሪቱም ብዙ አልቆዩም። ቤቱ ተሸጠ፤ መጋዘን ሆነ፤ በኋላ ፈረሰ። አረንጓዴውን ግድግዳ ዶዘር ሲገፋው ቆሜ አይቻለሁ።

ቃሉ ግን አልፈረሰም። በእኛ ሰፈር እስከ ዛሬ፣ ሰዎች በተሰበሰቡበት የማይታወቅ ሰው ገብቶ፣ ይኼ ደግሞ የማነው የተባለ እንደሆነ፣ ከተቀመጡት አንዱ የእብሬ ልጅ ነው ይላል። ከዚያ በኋላ ጥያቄ የለም። ጠጋ ጠጋ ይሉና ቦታ ይሰጡታል። የሚናገሩት ብዙዎቹ እብሬ ማን እንደሆነ አያውቁም፤ እንደ ቀልድ ነው የሚሏት።

እናንተ ግን ሰምታችኋል። እኔ ያየሁትን አስረከብኩ፤ መያዝ የእናንተ ነው። ስትሏት እያወቃችሁ በሏት፤ ሰው ስምንት ወር ታስሮባታል።