«እናትህስ ደህና ናት?»

አንድ ሰው ነበር። ወላይታ ሶዶ ውስጥ፣ መናኸሪያው አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቅ ስልክ ይጠግናል። ወጣት ነው። አገሩ ሳውላ ነው፤ እናቱ እዚያ ናት። እሱ ግን ሶዶ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ብቻውን ይኖራል።

ይህ ሰው እንግሊዝኛ መናገር ፈለገ። አስተማሪ የለውም፤ የኮሌጅ ደጃፍ አልረገጠም። ምን አደረገ? አዲስ የወጣ ስልክ፣ አዲስ የወጣ ሰዓት፣ አዲስ የወጣ ካሜራ ከካርቶኑ እያወጡ የሚያሳዩ ቪዲዮዎችን ይከፍታል። የቪዲዮው ሰው «ላይት» ሲል ዕቃውን በሁለት ጣት ያነሳዋል፤ «ሄቪ» ሲል እጁ ዝቅ ይላል። ክዳኑን፣ ጠርዙን፣ ለስላሳውን፣ ሻካራውን፣ የሚሞቀውን፣ የሚቀዘቅዘውን፣ መዝገበ ቃላት ሳይገልጥ ቃሉን ከነዕቃው ያዘው።

በዚህ አዳራሽ የምትስቁ አላችሁ። አትሳቁ! ቁጭ ብሎ የሚያስተምረው ሳይኖር ቋንቋ የለቀመ ሰው ምን ያህል እንደደከመ፣ ዲግሪ ግድግዳ ላይ የሰቀለ ሁሉ አያውቀውም። ስልክን ሰይጣን ብዬ እንድረግምላችሁ የምትጠብቁም ካላችሁ ትጠብቃላችሁ። መማሩ መልካም ነበር። እናንተም ተማሩ።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ቪዲዮው በተከፈተ ቁጥር ያ ሰው ፈገግ ብሎ «ዌልካም ባክ» ይላል። እንኳን ተመልሰህ መጣህ ማለት ነው። ወጣቱ ከሥራ ሲገባ እንኳን መጣህ የሚለው ያ ድምፅ ብቻ ነበር። መጨረሻ ላይ ደግሞ «አንተስ ምን ትላለህ?» ብሎ ይጠይቃል። ወጣቱ ቪዲዮውን አቁሞ፣ ጮክ ብሎ ይመልስ ነበር። ወገኖቼ፣ ለማን ነበር የሚመልሰው?

ግቢው ሰው አጥቶ አይደለም። አከራዩ እትዬ አስካለች አሉ። ጎረቤቱ፣ ልብስ ሰፊው ጋሽ ጦና አሉ። ጋሽ ጦና ባዩት ቁጥር «ሚስተር መጣ! መንገድ ልቀቁ፣ አማርኛ አይሰማም!» እያሉ ግቢውን ያስቃሉ። እትዬ አስካለች ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደርክ? ደህና ነህ? ሥራ ደህና? እናትህስ ደህና ናት?» ይሉታል፤ መልሱን ሳይሰሙ ወደ ቧንቧቸው ይዞራሉ። እሱም ኢርፎኑን ከጆሮው ሳይነቅል «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ያልፋል።

በሰኔ፣ ሱቁ ውስጥ ሳለ ስልኩ ጠራ። የአጎቱ ልጅ ነው። እናትህ ሞተች አለው። ቀብረናታል አለው። ዝናቡ መንገዱን ቆርጦታልና አትደርስም ብለን አልጠበቅንህም አለው።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ሰው መርዶ ብቻውን አይሰማም። ዘመድ ጎረቤት ተጠራርቶ በማለዳ ይመጣል፤ አንዱ ይናገራል፣ ሌሎቹ ይይዙታል። ይህን ሰው ማን ያዘው? የተፈታታ ስልክ ፊቱ ተዘርግቶ፣ ብቻውን ሰማ። ብሎኖቹን መልሶ አጠበቀ። ሱቁን በሰዓቱ ዘጋ። ቤቱ ገባ። «ዌልካም ባክ» አለው ድምፁ።

ለማንም አልተናገረም። ሚስተር እያለ ለሚስቅ ግቢ ምን ብሎ ይንገር? ነገ እናገራለሁ አለ። ነገም ሌላ ነገ ወለደ። ከዘገየ በኋላ ደግሞ ከየት ይጀመራል? እትዬ አስካለች በየጠዋቱ «እናትህስ ደህና ናት?» ይላሉ። «እግዚአብሔር ይመስገን።» ክረምቱ እንዲሁ አለፈ።

በመስከረም አንድ ኬንያዊ ወደ ሱቁ ገባ። የውሃ ጉድጓድ የሚያስቆፍር መሐንዲስ ነው፤ ስልኩ ጭቃ ውስጥ ወድቆበታል። ያ ሁሉ ልፋት ለዚህች ቀን ነበር! ሥጋና ደም ያለው፣ ሲመልሱለት የሚሰማ ሰው! ወጣቱ ተናገረ። ውሃው የት እንደገባ፣ ምኑ እንደሚደርቅ፣ ምኑ እንደሚቀየር በእንግሊዝኛ አስረዳው። ኬንያዊው ተደነቀ።

«የት ነው የተማርከው?»

«እዚሁ» አለ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ።

ስልኩ በራ። ኬንያዊው ከልቡ ሳቀ። «በል ለእናቴ ልደውል። ድምፄን ካልሰማች እህል አይወርድላትም።» ከዚያ በእነሱም አገር እንደ እኛው ነውና፣ «እናትህስ ደህና ናት?» አለው።

«ሺ ኢዝ ፋይን» አለ ወጣቱ። ደህና ናት ማለት ነው።

እንግሊዝኛው ምንም ስህተት የለበትም። አንደበቱ እንኳ አልተደናቀፈም። ስለ እናቱ ለሰው የተናገረው የመጀመሪያው እንግሊዝኛ ውሸት ሆነ። ኬንያዊው እየደወለ ወጣ፤ በሩ ላይ «ማማ!» ሲል ሰማው።

ቃል ጠፍቶት ነው የዋሸው? አይደለም። «ሞተች» የሚለውን ቃልማ ያውቀዋል። በእንግሊዝኛ ብቻ ሳይሆን በአማርኛም፣ እናቱ ባሳደገችው በጎፍኛም ከአፉ አውጥቶት አያውቅም። ሱቁን በቀትር ዘጋ።

እትዬ አስካለች ደጃፋቸው ላይ ጎመን ይከትፋሉ። «ምነው ዛሬ በጊዜ? ደህና ነህ? ሥራ...»

ኢርፎኑን ነቀለ። «እትዬ፣ እናቴ ሞታለች።»

«ምን አልክ? መቼ?»

«በሰኔ።»

«በሰኔ? እኔ በየጠዋቱ ስጠይቅህ?»

«አዎ።»

ቢላዋው ከእጃቸው ወደቀ። «እኔን! እኔን ያድርገኝ! ማርቆስ ልጄ!» ብለው ጮኹ።

ማርቆስ። በዚያ ግቢ ስሙ ከተጠራ ስንት ጊዜው! ያ ዌልካም ባክ ባዩም አንድ ቀን በስሙ ጠርቶት አያውቅም።

ጋሽ ጦና ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ሮጠው መጡ። ሲነገራቸው ቀልድ አልወጣቸውም። አጠገቡ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። «ምን ዓይነት ሴት ነበረች?» አሉት። ያኔ የሰኔውን ልቅሶ በመስከረም አለቀሰ። ሳይመሽ የእድሩ ወንበር ግቢውን ሞላው።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። የተናገርኩት ስለ ስልክ የመሰላችሁ፣ ተኝታችሁ ነበር። ያ ልጅ ከስክሪን ላይ እንኳን መጣህን የለመነው ለምንድን ነው? እኛ ስላላልነው ነው! ደህና ነህ፣ ደህና ነሽ፣ ልጆች ደህና፣ ከብቱ ደህና! ሰላምታችን ረጅም፣ ጆሯችን አጭር። እናንተስ መላሾቹ? የእግዚአብሔርን ስም በራችሁ ላይ ቁልፍ አድርጋችሁ ምን ደብቃችኋል? እሱ ምስጋናችሁን ይወዳል። ቁልፍ ግን አታድርጉት፤ እሱ ከውጭ ሆኖ የሚያንኳኳ አባት ነው።

በዚህ አዳራሽ ሰኔውን እስከ ዛሬ የተሸከመ ሰው ተቀምጧል። ማን እንደሆነ አላውቅም። ትከሻ ለትከሻ የተቀመጣችሁት እናንተም አታውቁም፤ የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

ስትወጡ እንደ ልማዳችሁ ተጠያየቁ። መልሱ ሲመጣ ግን የመላሹን እጅ አትልቀቁ። ደግማችሁ ጠይቁት፤ ስሙንም ጥሩት። እኔ በሩ ላይ እቆማለሁ። «ፋይን» ብሎኝ የሚያልፍ ሰው አይኖርም።