ድንኳኑ ሳይታጠፍ

አንድ ሰው ነበረ፤ በእጁ ሁለት ካሜራ ነበረው፤ አንዱም ግን የእሱ አልነበረም። ሱቅ ያለው ወዳጁ «ሁለቱንም ሞክርና የወደድከውን አስቀር» ብሎ ያዋሰው ነው። ሁለቱም ኪስ የሚገቡ፣ ግን የትልልቆቹን ሥራ የሚሠሩ ካሜራዎች ነበሩ። አንዱ ሩቁን አቅርቦ ያሳያል። ሌላው ብርሃን ሲያንስም ፊትን አጥርቶ ያወጣል። ሰውየው ሳምንቱን ሙሉ አንዱን ሲያነሣ ሌላውን ሲያስቀምጥ ቆየ፤ ልቡ አልቆርጥ አለ።

የሚኖርበት ሰፈር ሊፈርስ ነበር። ለነዋሪው በየአቅጣጫው ቤት ተሰጥቶታል፤ መኪናም ታዝዟል። ስለዚህ በመውጫቸው ቀን የእድሩ አባላት ድንኳናቸውን ለመጨረሻ ጊዜ ተከሉና ከፊቱ አንድ ፎቶ ሊነሡ ተስማሙ። እስከዚያ ቀን ሁሉም አብረው የተነሡት ፎቶ አልነበራቸውም። ድንኳኑ በተተከለ ቁጥር ለቅሶ ነበርና ፎቶ ያሰበ አልነበረም። ካሜራ የያዘውን ይህን ሰው «አንተ ታነሣናለህ» አሉት፤ እሱም እሺ አለ።

ተሰለፉ። የሰፈሩ ትልቅ እማማ ስንቅነሽ እግራቸውን እያመማቸው ወንበር ሲቀርብላቸው «ከሰው እኩል ቆሜ ነው የምነሣው» ብለው እምቢ አሉ።

ሰውየው በአንደኛው አነጣጠረ። ከዚያ «ቆይ፣ በሌላው ልየው» አለ። ለማወዳደር ብሎ የድንኳኑን ገመድ በሁለቱም አነሣ፤ ምሰሶውን አነሣ፤ የራሱን መዳፍ አነሣ። ራቅ አለ፤ ቀረብ አለ።

«ልጄ፣ እኛን ነው ወይስ ገመዱን የምታነሣው?» አሉ እማማ ስንቅነሽ።

«ትንሽ ታገሡኝ እማማ፤ የሁለቱ ቀለም ይለያያል።»

«የእኔ ቀለም እንደሆነ ያው ነው!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ግን የሳቀ የለም። መኪናው ጥሩንባውን ነፋ። አንድ ቤተሰብ ይቅርታ ጠይቆ ከሰልፉ ወጣ፤ ሌላውም ተከተለ። ሰውየው አቀርቅሮ ሁለቱን ካሜራዎች ጎን ለጎን ያያል።

እማማ ስንቅነሽ ከቆሙበት ወጡ። እያነከሱ ሄደው የድንኳኑን ገመድ ከካስማው ፈቱት። ሸራው ጋደል አለ።

«እጠፉት!» ብለው ጮኹ። «ይህ ሰው እኛን አላየንም!»

ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዞር ሳይሉ፣ መኪናው ላይ ወጡ። ሰውየው ያን ጊዜ ደንግጦ አንዱን ካሜራ ወደ ዓይኑ አስጠጋና ተጫነው። የወጣለት የታጠፈ ሸራና የመኪና አቧራ ነው። በጣም የጠራ አቧራ!

አንቺ ልጅ፣ አሁን ቀና ብለሽ ስሚኝ። «መምህር፣ ለፎቶ ክበባችን ለሙከራ ከመጡት ሁለት ካሜራዎች የትኛው ይሻላል?» ብለሽ ስትመላለሺብኝ ወሩ አለቀ። ካሜራዎቹ ጠረጴዛዬ ላይ ከተቀመጡ ጀምሮ አንድም የክፍል ጓደኛሽን አላነሣሽም። አዎ፣ ተቆጥቻለሁ! ያ ሰው አንቺ ነሽ። የተሰለፉት ጓደኞችሽ ናቸው። ነገ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ ስንቶቹ ወደየአገራቸው እንደሚሄዱ አንቺም ታውቂያለሽ። የትኛው እንደሚሻል በኋላ ትደርሺበታለሽ። ልጆቹ እዚያ ቧንቧው ጋ ቆመው እየጠበቁሽ ነው። ለእጅሽ የቀረበውን ያዢና ውጪ!