የጋሽ ደምለው ጢም

ሰሚ ጠጋ በል፤ ግን ብዙ አትጠጋ፤ ተረቱ የበሽታው ጊዜ ተረት ነው።

ሰው ሁሉ ቤቱ በተከተተበት በዚያ የኮሮና ክረምት ጋሽ ደምለው የሚባሉ አዛውንት አንድ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ፊት ለፊት ባለው ሕንፃ ልጃቸውና የልጅ ልጃቸው ሶስና አሉ። ልጃቸው ነርስ ናትና "አባዬ፣ በሽታ እንዳላመጣብህ" ብላ መጠያየቁን በበረንዳ ብቻ አድርጋዋለች። ጠዋት ጠዋት እሳቸው ከዚህ፣ ሶስና ከዚያ ሆነው እጃቸውን ያውለበልባሉ።

ታዲያ ምላጭ ሳይነካው የከረመው ጢማቸው ደረታቸው ላይ ደረሰ። አንድ ቀን ሶስና አየቻቸውና "እማዬ፣ ያ ሰውዬ ማነው?" ብላ መጋረጃ ኋላ ተደበቀች። በማግስቱም ተደበቀች። ጋሽ ደምለው ሆዳቸው ባባ። መላጨት አማራቸው፤ ሌላ ምንም አላማራቸውም።

ጸጉር አስተካካዩ ጫንያለው ዘንድ ሄዱ። "ጫንያለው፣ ላጨኝ፤ የልጅ ልጄ እንድታውቀኝ።"

"ማስኬ ተቀደደ ጋሼ። ያለ ማስክ ፊትዎ ላይ ልተንፍስ?" አለ ጫንያለው። አልላጭም አለ።

ልብስ ሰፊዋ አስካለ ዘንድ ሄዱ። "አስካለ፣ ማስክ ስፊ፤ ጫንያለው እንዲላጨኝ፣ የልጅ ልጄ እንድታውቀኝ።"

"ጨርቁስ ሞልቷል። ጆሮ ላይ የሚገባው ላስቲክ አልቆብኝ ነው እንጂ" አለች። አልሰፋም አለች።

ባለሱቁ ሸሪፍ ዘንድ ሄዱ። ሸሪፍ ደጃፉ ላይ ገመድ ወጥሯል። "ሸሪፍ፣ ላስቲክ ሽጥልኝ፤ አስካለ ማስክ እንድትሰፋ፣ ጫንያለው እንዲላጨኝ፣ የልጅ ልጄ እንድታውቀኝ።"

"በቅድሚያ እጅዎን ይታጠቡ" አለና ባለ ቧንቧውን ጀሪካን አሳያቸው። ሳይታጠቡ አልሸጥም አለ።

ቧንቧውን ቢጠመዝዙት ጠብ የሚል ጠፋ። "ጀሪካን፣ ጀሪካን፣ ውሃ ስጠኝ፤ ሸሪፍ ላስቲክ እንዲሸጥልኝ፣ አስካለ ማስክ እንድትሰፋ፣ ጫንያለው እንዲላጨኝ፣ የልጅ ልጄ እንድታውቀኝ።" ጀሪካን ያወራል እንዴ አትበል፤ በዚያ ክረምት ከግድግዳ ጋር ያወራ ስንት ሰው አለ።

"ዘበኛው ለሜቻ ካልሞላኝ ከየት አባቴ ላምጣ?" አለ ጀሪካኑ። አልሰጥም አለ።

ግቢው በር ላይ ለሜቻ ተቀምጧል። "ለሜቻ፣ ጀሪካኑን ሙላው፤ ጀሪካኑ ውሃ እንዲሰጠኝ፣ ሸሪፍ ላስቲክ እንዲሸጥልኝ፣ አስካለ ማስክ እንድትሰፋ፣ ጫንያለው እንዲላጨኝ፣ የልጅ ልጄ እንድታውቀኝ።"

"ሌላ ሰው ቢለኝ እሞላለሁ። ለእርስዎ ግን አልሞላም።"

"ምን አደረግኩህ?"

"ድሮ ተጨባብጠን፣ ትከሻ ለትከሻ ተጋጭተን ነበር የምናልፈው። አሁን መሬት መሬት እያዩ ያልፉኛል። መጨበጡ ቀረ እንጂ 'እንዴት አደርክ' ማለት ቀረ እንዴ?"

ጋሽ ደምለው አፈሩ። መጨበጥ ሲከለከል እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸው ነበር። ያለ እጅ ሰላምታ ያለ ጨው ወጥ ሆኖባቸው ጭራሹን ተዉት። ንቀት አልነበረም፤ ግን ለሜቻ ይህን በምን ይወቅ?

ፈንጠር ብለው ቆሙ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እጅ ነሱ። "እንዴት ነህ ለሜቻ? ልጆችህ እንዴት ናቸው? አገር ቤትስ ደህና ናቸው?"

ለሜቻ ብድግ አለ። እሱም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። "ደህና ነን ጋሼ፤ እርስዎስ? ልጅዎስ? ሶስናስ?" የከረመውን ሰላምታ ሁሉ ተለዋወጡ፤ ሁለቱም ቀለል አላቸው።

ከዚያማ ምን ይጠየቃል። ለሜቻ ጀሪካኑን ሞላ፣ ጀሪካኑ ውሃ ሰጠ፣ ሸሪፍ ላስቲክ ሸጠ፣ አስካለ ማስክ ሰፋች፣ ጫንያለው ማስኩን አጠለቀና ጢሙን ሙልጭ አድርጎ ላጨ።

በማግስቱ ጋሽ ደምለው በረንዳ ወጡ። መጋረጃው ገለጥ አለ። ሶስና አየቻቸው፣ ደግማ አየቻቸው፤ ከዚያ ሮጣ ወጥታ የበረንዳውን ብረት ያዘች።

"አባባ፣ እስካሁን የት ሄደህ ነው?" አለች ኮስተር ብላ።

እዚሁ ነበርኩ ሊሉ አሰቡና ተዉት። "ሩቅ ሄጄ ነበር የኔ እናት" አሏት። "ዛሬ ገባሁ።"

ተረቴን እዚህ ላይ ላቁም፤ እነሱ ገና ብዙ የሚያወሩት አላቸው።