አልናገር ያለችው የትብለጥ አህያ

እነሆ ሰንሰለት። ቀለበት ቀለበቱን እየያዛችሁ ተከተሉኝ።

በደብረ ማርቆስ ከተማ፣ በአንድ ኮሌጅ ውስጥ፣ ትብለጥ የምትባል ተማሪ ነበረች። የፕሮግራሚንግ መግቢያ ትምህርትን አምና ወድቃ ዘንድሮ እየደገመች ነው። ዘንድሮም ከወደቀች ሻንጣዋን ይዛ ወደ ደምበጫ፣ ወደ ቤተሰቦቿ መመለስ ነው። ሌላ ዕድል የለም።

የዘንድሮው የክፍል ሥራ ጌም መሥራት ሆነ፤ ተጫዋቹ ቁጥር እየመረጠ የሚመራው ታሪክ። ትብለጥ ከሦስት ልጆች ጋር ተመደበች። ስመኘው ታሪኩን ጻፈ። አያል ሥዕሉን ሳለ። የዝና የተባለችው ልጅ ለአህያዋ ድምፅ እንድትሰጥ ተባለ። ትብለጥ ደግሞ ኮዱን ጻፈች። ታሪኩ ጨው ተሸክማ የሞላ ወንዝ ዳር ስለደረሰች አህያ ነው።

ትብለጥ የፈለገችው ትንሽ ነገር ነበር። አርብ ዕለት ሥራቸውን ለክፍሉ ሲያሳዩ አህያዋ አንዲት ቃል እንድትናገርላት ብቻ ነው። አህያዋ ግን አልተናገረችም። ድምፅ የላትማ።

ትብለጥ ወደ የዝና ሄደች። የዝና ልብስ እያሰጣች ነበር።

"የዝና፣ ድምፅሽን ስጪኝ።"

"አልሰጥም።"

"ምነው?"

"ስመኘው አህያዋን ለወንዝ ሰጥቷታል። ባለፈው ክረምት የእኛዋን አህያ ወንዝ ወሰዳት። እናቴ ዳር ቆማ ታያለች፣ አህያዋ ትጮሃለች። ያንን ጩኸት በአፌ አላሰማም። መጀመሪያ መጨረሻውን ይቀይረው።"

የዝና ድምፅ ካልሰጠች አህያዋ አትናገርም።

ትብለጥ ወደ ስመኘው ሄደች። ስመኘው ቤተ መጻሕፍት ደጃፍ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ያነባል።

"ስመኘው፣ መጨረሻውን ቀይርልኝ። መጨረሻውን ካልቀየርክ የዝና ድምፅ አትሰጥም፤ የዝና ድምፅ ካልሰጠች አህያዋ አትናገርም።"

"አልቀይርም" አለ ስመኘው። "በምን ትሻገር? ወንዙ ሞልቷል፣ ድልድይ የለም። አያል የሳለውን አይቼ ነው የጻፍኩት። እሱ ድልድይ ይሳል፣ እኔ አሻግራታለሁ።"

ትብለጥ የየዝናን ነገር ልትነግረው አሰበችና ተወችው። የሰው ሐዘን ነው፤ ባለቤቷ ካልተናገረችው እኔ ምን አገባኝ አለች።

ወደ አያል ሄደች። አያል ሜዳው ዳር ሆኖ የኳስ ጫማውን ክር እያጠበቀ ነበር።

"አያል፣ ድልድይ ሳልልኝ። ድልድይ ካልሳልክ ስመኘው መጨረሻውን አይቀይርም፤ ስመኘው መጨረሻውን ካልቀየረ የዝና ድምፅ አትሰጥም፤ የዝና ድምፅ ካልሰጠች አህያዋ አትናገርም።"

"በምኔ ልሳል? ወንዙም አህያዋም ያሉት ኮምፒውተር ላቦራቶሪው ውስጥ ነው። ላቡ ደግሞ ከሰኞ ጀምሮ ተቆልፏል። ጋሽ ጥሩሰው ይክፈቱልኝና ድልድይ አይደለም ከተማ እሠራልሻለሁ።"

ትብለጥ ወደ ጋሽ ጥሩሰው ሄደች። ጋሽ ጥሩሰው የኮምፒውተር ላቡ ኃላፊ ናቸው። በሩ አጠገብ ወንበር አውጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ቁልፉ እጃቸው ላይ ነው።

"ጋሽ ጥሩሰው፣ ላቡን ይክፈቱልኝ። ላቡን ካልከፈቱ አያል ድልድይ አይስልም፤ አያል ድልድይ ካልሳለ ስመኘው መጨረሻውን አይቀይርም፤ ስመኘው መጨረሻውን ካልቀየረ የዝና ድምፅ አትሰጥም፤ የዝና ድምፅ ካልሰጠች አህያዋ አትናገርም።"

ጋሽ ጥሩሰው ግራ ገብቷቸው አዩዋት።

"የማን አህያ?"

"የእኛ፤ የጌሙ።"

"የኔ ልጅ፣ እኔ ብከፍትልሽ ደስ ይለኛል። ግን ያስዘጉት መምህር አንማው ናቸው። ልጆቹ በትምህርት ሰዓት ኳስ ጨዋታ እየጫኑ አስቸገሩ ብለው። እሳቸው ክፈት ካላሉኝ አልከፍትም።"

መምህር አንማው ማለት ራሳቸው የፕሮግራሚንግ መምህሩ ናቸው። ትብለጥ አምና የወደቀችው እሳቸው ዘንድ ነው። እሳቸው ፊት ስትቆም ምላሷ ይተሳሰራል፤ ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ አታውቅም። ያም ሆኖ ሄደች። መምህራን ማረፊያው ውስጥ ከሌሎች መምህራን ጋር ተቀምጠው ፈተና ያርማሉ።

"ቲቸር" አለች በሩ ላይ ቆማ፣ "ላቡን ያስከፍቱልን። እርስዎ ካላዘዙ ጋሽ ጥሩሰው አይከፍቱም፤ ጋሽ ጥሩሰው ካልከፈቱ አያል ድልድይ አይስልም፤ አያል ድልድይ ካልሳለ ስመኘው መጨረሻውን አይቀይርም፤ ስመኘው መጨረሻውን ካልቀየረ የዝና ድምፅ አትሰጥም፤ የዝና ድምፅ ካልሰጠች አህያዋ አትናገርም።"

መምህር አንማው ቀና ሳይሉ መለሱላት።

"ላብ የምትፈልጉት ለጨዋታ ነው። የራሳችሁ የሆነ፣ የሚሠራ ነገር አሳዩኝ። ያቺ አህያችሁ ትናገር፤ ያኔ አስከፍታለሁ።"

ትብለጥ በልቧ ቆጠረች። አህያዋ ካልተናገረች ቲቸር አያዙም፤ ቲቸር ካላዘዙ ጋሽ ጥሩሰው አይከፍቱም፤ ጋሽ ጥሩሰው ካልከፈቱ አያል አይስልም፤ አያል ካልሳለ ስመኘው አይቀይርም፤ ስመኘው ካልቀየረ የዝና ድምፅ አትሰጥም፤ የዝና ድምፅ ካልሰጠች አህያዋ አትናገርም፤ አህያዋ ካልተናገረች ደግሞ... ጫፍ የለውም። ደምበጫና ሻንጣዋ ታዩዋት። ከበሩ ግን አልሄደችም።

"ቲቸር፣ እንግዲያው እኔ ልሁናት።"

"ምኗን?"

"አህያዋን።"

መምህራኑ ሁሉ ቀና አሉ። ትብለጥ ጀመረች።

"አህያ ነኝ። ጨው ተሸክሜ ወንዝ ዳር ደርሻለሁ። ወንዙ ሞልቷል። ተሻገሪ ካሉ አንድ፣ ጠብቂ ካሉ ሁለት ይበሉ።"

መምህር አንማው ትንሽ አዩዋት። "ሁለት" አሉ።

"ጠበቅሁ። ዝናቡ ባሰ። ጨዉ መሟሟት ጀመረ። ተሻገሪ ካሉ አንድ፣ ጠብቂ ካሉ ሁለት ይበሉ።"

"ሰባት።"

"ሰባት የሚባል ምርጫ የለም። እባክዎ እንደገና ይምረጡ።"

አንዲት መምህርት ሳቀች። መምህር አንማው አልሳቁም። እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

"ይሄ ኮዱ ውስጥ አለ ወይስ አሁን ያመጣሽው ነው?"

"አለ ቲቸር። የማይሆን ቁጥር ከተጫነ ተመልሶ ይጠይቃል።"

"ዝም ካልኩስ?"

"ዝም ካሉ እጠብቃለሁ።"

ዝም አሉ። ትብለጥም ቆመች። ሰው በአጠገቧ ገባ፣ ሰው ወጣ፤ አልተነቃነቀችም። ዓይኗንም ከሳቸው ላይ አላነሳችም። በመጨረሻ የሳቀችው መምህርት፣ "ኧረ አንማው፣ ልጅቷን አታቁማት" አለች።

"አንድ" አሉ መምህር አንማው።

"ወንዙ ውስጥ ገባሁ። ውሃው እስከ ሆዴ ደረሰ፤ እስከ አንገቴ ደረሰ።" ትብለጥ እዚህ ላይ አቆመች።

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ወዲያ ድልድዩ አልተሳለም ቲቸር። ቆሜ ቀረሁ።"

"ውሃ ውስጥ?"

"ውሃ ውስጥ።"

መምህር አንማው ስልካቸውን አነሱና ደወሉ። "ጥሩሰው፣ ላቡን ክፈትላቸው" አሉ። ከዚያ ወደ እርማታቸው ተመለሱ።

ቲቸር አዘዙ፤ ጋሽ ጥሩሰው ከፈቱ። ጋሽ ጥሩሰው ከፈቱ፤ አያል ኳሱን ጥሎ እየሮጠ መጣና ድልድይ ሳለ። የእንጨት ድልድይ ነው፣ ትንሽ ዘመም ያለ። አያል ድልድይ ሳለ፤ ስመኘው መጨረሻውን ቀየረ። ስመኘው መጨረሻውን ቀየረ፤ የዝና ሁለት ጊዜ አነበበችውና ስልኳን ወደ አፏ አስጠግታ ድምፅ ሰጠች። የዝና ድምፅ ሰጠች፤ ትብለጥ ድምፁን ኮዱ ውስጥ አስገባችው።

አርብ ደረሰ። ክፍሉ ኮምፒውተሩን ከበበ። ተማሪዎቹ ቁጥር ለመጫን ተጋፉ። አህያዋ ድልድዩ ላይ ወጣች፤ ድልድዩ ተወዛወዘ፤ ወዲያ ማዶ ደረሰች። አፏን ከፈተችና በየዝና ድምፅ፣ "ተሻገርኩ" አለች።

ክፍሉ አጨበጨበ። መምህር አንማው ለቡድኑ ማለፊያ ነጥብ ሰጡ። ትብለጥ ወደ ደምበጫ እንደማትመለስ ያወቀችው ያኔ ነው፤ ያገኘችው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

የዝና አላጨበጨበችም። ቀስ ብላ ወጣችና በረንዳው ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ቆመች። ስመኘው አያት፤ ተከትሏት ወጣ። "ምነው? ምን አጠፋሁ?" ሲላት ተሰማ። ከዚያ ወንዝ የወሰዳትን የእነሱዋን አህያ ነገር ነገረችው። ምን ብሎ እንደመለሰላት የሰማ የለም። ሲመለሱ ግን ጎን ለጎን ሆነው ነበር፤ ስመኘውም መቀመጫውን ለየዝና ለቀቀላት።

ያሰርኩትን ፈታሁ፤ ለሰማኝ ጤና ይስጥልኝ።