አያ መሸሻና የተከለከለው ጦስኝ

ይህን የነገሩን የመንዝ ሽማግሌዎች ናቸው፤ የጨመሩት ነገር ካለ እነሱ ይጠየቁበት። አያ መሸሻ የሚባል አፉ የማያርፍ ሰው ነበር። ከሚስቱ ከአስካለ በቀር የሚፈራው ሰው አልነበረም ይላሉ።

ያገሩ ጌታ ፊታውራሪ ወንድይራድ ደግሞ እንግዳ መጥራት የሚወዱ፣ ማብላት ግን የሚያማቸው ሰው ነበሩ። አንድ ቀን መሸሻን ምሳ ጠሩት። የቀረበው ሽሮ ቀጥኖ የሳህኑን ቂጥ ያሳያል። ፊታውራሪ ግን ማሞገሱን ተያያዙት፤ “ጦስኝ ገብቶበታል እኮ! በርበሬውም ሲደለዝ፣ ቅቤውም ሲነጠር ጦስኝ አይለየውም። ደረት ይከፍታል፣ ብርድ ያስወጣል፣ ቁንጣን ያሽራል” አሉ። መሸሻ ሳህኑን አየት አድርጎ፣

«ለቁንጣኑ እንኳ ባያባክኑት ጥሩ ነበር፤ እርስዎ ቤት ቁንጣን ማንን ይይዛል?» አላቸው።

ፊታውራሪ ይህን አልረሱም። ጦስኝ የሚበቅልበት ተራራ የአባቶቼ ርስት ነው ብለው አንዲት ቅጠል እንዳትነካ አስነገሩ። ሰዉ ሆዱን ሲቆርጠውም ሲያስለውም ጦስኝ አፍልቶ መጠጣት የለመደ ነውና አዘነ፤ ግን ማን ይናገር? በዚያ ክረምት አስካለን ክፉ ሳል ያዛት። መሸሻ ቀልዱ ሁሉ ጠፋበት፣ ትሞትብኛለች ብሎ ፈራ። ተራራው ላይ ወጥቶ አንድ እቅፍ ለቅሞ ሲመለስ የፊታውራሪ ጠባቂ ያዘውና “አዋጁን አልሰማህም?” አለው።

«እኔማ ሰምቻለሁ፤ የሚስቴ ሳል ነው ያልሰማው» አለ መሸሻ።

ነገሩ ዳኛ ዘንድ ሊሄድ ሆነ። በዚያ ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ እንዳይጠፋፉ የነጠላቸው ጫፍ ተቋጥሮ፣ በቁራኛ ነበር የሚሄዱት። ፊታውራሪ ወኪል መላክ ይችሉ ነበር፤ ወኪል ግን ስንቅ ይፈልጋል። ስለዚህ ራሳቸው ከመሸሻ ጋር ተቋጠሩ። ሜዳ ላይ ሲደርሱ ብርዱ ፊታውራሪ ደረት ገባና ያስላቸው ጀመር። መንገድ ዳር ካለች ጎጆ ገብተው እሳት እየሞቁ፣ መሸሻ ከተያዘበት ጦስኝ ቀንጠብ አድርጎ እንዲያፈላላቸው አዘዙት።

«ኧረ ጌታዬ፣ ማስረጃዎን ጠጥተው ሲጨርሱ በምን ሊረቱኝ ነው?» አላቸው። እሳቸው ግን ጠጡ። ተሻላቸውም፤ ክሱን ግን አልተዉም።

ችሎቱ ፊት ሲቆሙ አስካለም እየሳለች ከኋላ ደረሰች። ሳሉ አላናግር ስላለ ዳኛው ጥቂት ጠበቁ። ከዚያ “ተራራው የማን ነው?” ብለው ጠየቁ። ፊታውራሪ ደረታቸውን ነፍተው፣ “የኔ ነው! ድንጋዩም፣ ቅጠሉም፣ ከላዩ የሚነፍሰው ነፋስ ሳይቀር የኔ ነው!” አሉ። ዳኛው ወደ መሸሻ ዞሩና “አንተስ ታምናለህ?” አሉት።

«አምናለሁ፣ ጌታዬ። ሚስቴን የጣላት ያው ከተራራው የወረደው ነፋስ ነው፤ ፊታውራሪ ሳላቸውን ይረከቡኝ፣ እኔም ጦስኛቸውን እመልሳለሁ።»