ለስላሳዋ ቡሎን

አንድ ሰው ነበረ፤ በግቢው ውስጥ ትልቅ የበቆሎ መፈልፈያ ማሽን ነበረው። ልጄ፣ ወንድምህን ከቀበርህ ወዲህ ገበያ መሀል ሳይቀር እንባህ እየቀደመህ ማፈርህን ነግረኸኝ፣ «አባ፣ ልቤን በምን ላጠንክረው?» ብለህ ስለጠየቅኸኝ ነው የዚህን ሰው ነገር የማወጋህ።

የሰውየው እንጀራ ያ ማሽን ነበር። ሞተሩን ከመፈልፈያው ጋር የምታያይዘው ግን የጣት ያህል የሆነች አንዲት ቡሎን ናት፤ እሷም ከለስላሳ ብረት የተሠራች። ከበቆሎው ጋር ድንጋይ የገባ እንደሆነ ቀጭ ብላ ትሰበራለች። ሞተሩ ባዶውን ይዞራል፣ መፈልፈያው ቀጥ ይላል። ያኔ ሚስቱ ይርገዱ ከጓዳ ሆና «ተሰበረች እንዴ?» ትላለች። ከጣሳ ውስጥ አዲስ ቡሎን አውጥታ ታመጣለትና «አንተ ሰውዬ፣ ድንጋይ ነው እንዴ የምታበላው?» እያለች ትቀልድበታለች። እሱም እየሳቀ ይቀይራታል።

ይርገዱ ሞተች። ልጅ አልነበራቸውም። ሰውየው «የወንድ ልጅ እንባ ወደ ሆዱ ነው» እያለ በልቅሶው ላይ አንዲት ዘለላ እንባ ሳያወጣ ዋለ። ድንኳኑ እንደተነቀለ ማሽኑን አስነሣ። ጩኸቱ ቤቱን ስለሚሞላለት ከጠዋት እስከ ማታ ሊያጠፋው አይወድም ነበር። ቡሎኗ ግን እንቢ አለችው። በተሰበረች ቁጥር ሞተሩን ማጥፋት አለበት፤ ሞተሩ ሲጠፋ ደግሞ ግቢው ጭር ይላል፤ ጆሮው ወደ ጓዳ ይሄዳል። የሚጠይቀው የለም። ያቺን ጣሳ ራሱ ገብቶ ማምጣት እንደ ሞት ከበደው።

አንድ ቀን ስባሪዋን በመዳፉ ይዞ «ቆይ፣ ለአንቺ መድኃኒት አላጣም» አላት። ከአሮጌ የጭነት መኪና የተፈታ የማይበገር ብረት በሞርሳ፣ በብረት መቆንጠጫው፣ አሰረ። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ሁለት ቀን ሙሉ በሞረድ ሲሞርድ ሰነበተና፣ በልኳ አዲስ ሠርቶ በቦታዋ መትቶ አስገባት። በቆሎ ይዞ ተራ የሚጠብቅ አንድ ገበሬ አየና «ጋሼ፣ ይሄ ብረት አልጠነከረም?» አለው።

«እንኳን ጠነከረ!» አለ ሰውየው። ደረቅ ሰው መካሪ አያጣም፤ የሚያጣው ሰሚ ጆሮ ነው።

እውነትም ሳምንት ሙሉ ማሽኑ አንድም ጊዜ አልቆመም። በስምንተኛው ቀን ያው ገበሬ ዳግም ያመጣውን በቆሎ ሲፈለፍል ድንጋይ ገባ። ቡሎኗ አልተሰበረችም። በእሷ ፈንታ ውስጥ ያሉት ጥርሶች ተፈረካከሱ፤ ትልቁ ዘንግ ተጣመመ፤ የማሽኑ ሆድ ተሰነጠቀ። ያዩት ሁሉ ይህ ከእንግዲህ አይጠገንም አሉ።

ሰዎቹ ጆንያቸውን ተሸክመው ሄዱ፤ እሱ ብቻውን ቀረ። ያቺን ቡሎን ፈትቶ አያት፤ ጭረት እንኳ የላትም። ከዚያ ጓዳ ገብቶ ጣሳውን አወረደ። ለስላሳዎቹ ቡሎኖች እስከ አፉ ሞልተውታል፤ ይርገዱ እንዳይዝጉ ቅባት ቀብታ አንድ በአንድ በጨርቅ ጠቅልላቸዋለች። ዕድሜ ልኩን ይበቁት ነበር። ያን ጊዜ መሬት ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ማልቀሱንስ አለቀሰ፤ ግን ዘገየ።

እና ልጄ፣ ልቤን በምን ላጠንክረው ብለኸኛል። አታጠንክረው። ገበያ መሀል የሚያሳፍርህ እንባ ያቺ ለስላሳ ቡሎን ነው፤ እሱ ሲሰበር አንተ ትተርፋለህ። እንዳይሰበር አድርገህ ብትሠራውም ድንጋዩ መምጣቱ አይቀርም፤ ያኔ የምትሰበረው አንተው ነህ። ነገ ገበያ ስትወጣ ብቻህን አትሂድ። እንባህ ሲመጣ ፊትህን አታዙርበት፤ «ተሰበረች እንዴ?» የሚልህ ሰው አጠገብህ ይኑር። ሰው ካጣህ እኔ አለሁ፤ በደጄ ነው የምታልፈው፤ ጥራኝ።