የባንኩ በር ፍተሻ

ሽንኩርት ነጋዴዋ ገንዘቧን ባንክ ታስገባ ወይስ ሰፈሯ ያለው የቁጠባና ብድር ማህበር፣ ገና አልቆረጠላትም ነበር። እስቲ ልየው ብላ አዲሱ ባንክ ስትሄድ ዘበኛው በሩ ላይ አስቆማት። ዘንቢሏን በረበረ፤ ገንዘቧን የቋጠረችበትን የነጠላዋን ጫፍ ሳይቀር አስፈታት። ሥራ አስኪያጁ አቶ ሽመክት ያበጠ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ከኋላዋ ሲደርሱ ግን ያው ዘበኛ በሩን በርግዶ እጅ ነሳ።

አቶ ሽመክት ውስጥ ወረፋ የያዙትን ስለ ማህበሩ ስትጠይቅ ሰሟትና ተሰላፊው ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ቆርቆሮ ቤት ለሚሰበሰቡት ነው ገንዘብሽን የምትሰጪው? እኛ የሌለን ምን አላቸው? አንድ ነገር ጥሪና ሂጂ፤ ካጣሽ ግን አሁኑኑ እዚሁ ሂሳብ ትከፍቻለሽ!»

ተሰላፊው ሳቀ። እሷ የነጠላዋን ጫፍ ረጋ ብላ መልሳ ቋጠረች።

«ፍተሻ አላቸው፣ ጌታዬ።»

«ፍተሻማ እኛም አለን!»

«እናንተ የምትፈትሹት ገንዘብ ይዞ የሚገባውን ነው። እዚያ ሲገባ የሚፈተሽ የለም፤ ማታ ሲዘጋ ግን ገንዘብ ያዡ ቦርሳውን አባላቱ ፊት ከፍቶ ያሳያል። እዚህ የእኔን ነጠላ ያስፈታው ዘበኛ፣ እርስዎ ያን ቦርሳ ይዘው ሲወጡም እጅ ይነሳል።»